ሁለት ቦታ ያለው መንደር

የአክስቴን ኮምፒውተር መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን የጠበቅኩት ካርታ ነበር። ባሮ ሰማያዊ ሆኖ ሲጥመለመል፣ ድልድዩ በላዩ ተጋድሞ፣ መንደሮቹ በግራና በቀኝ እንደ ጨሌ ተሰክተው። ያገኘሁት ግን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። የመንደር ስም፣ የቤት ብዛት፣ የፓምፕ ቁጥር። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ዓምድ አለ፤ ውስጡ ፊደልና ቁጥር እንደ ጉንዳን ተሰልፎ፣ 0101000020E6100000 ብሎ ጀምሮ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥቶ ይሄዳል።

«አክስቴ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «መንደሩ እሱ ራሱ ነው እኮ! ሌላው ስለ መንደሩ የተወራ ወሬ ነው።»

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት የመንደሮችንና የጉድጓዶችን ዳታቤዝ የምትይዘው እሷ ናት። አስራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱ ሲገባ፣ «ቤት ተቀምጠሽ ስልክ ስትነካኪ ከምትውዪ ነይ» ብላ ይዛኝ ሄደች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንላቸው፣ ከደጋ መጥተው እዚሁ የሸበቱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝና «ቶሎ መጻፍ ትችያለሽ? ቅጹ ተከምሮብናል» አሉኝ። በቃ፣ ሥራ ገባሁ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን የጉንዳን ሰልፍ ለመድኩት። ሙሉውን ማንበብ የሚችለው ማሽኑ ብቻ ነው፤ አጀማመሩን ግን አውቃለሁ። በ0101 ከጀመረ ነጥብ ነው፤ ጉድጓድ ወይም መንደር። በ0102 ከጀመረ መስመር ነው፤ መንገድ ወይም ወንዝ። በ0103 ከጀመረ ደግሞ እንደ አጥር ዞሮ የተዘጋ ነገር ነው፤ ወረዳ ወይም ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ። ባሮን የሚያህል ወንዝ፣ ያ ሁሉ መጠማዘዙ፣ ያ ሁሉ ዓሣና አዞው፣ በአንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ሳየው ለብቻዬ እስቅ ነበር። ካርታው ኋላ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ተቀብሎ ይስላቸዋል። ዳታቤዙ ራሱ ሥዕል አይቶ አያውቅም። ሆኖም «ከዚህ ጉድጓድ አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የትኞቹ መንደሮች አሉ?» ሲሉት ይመልሳል። ዓይን የሌለው ሰው የከተማውን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ሲነግራችሁ አስቡት።

አንድ ቀን የበቆሎ ቅቅል እየበላን ጠየቅኳት። «ይሄ ሁሉ ነጥብ እያለ እንዴት ነው እንዲህ የሚፈጥነው? እያንዳንዱን ይለካል?»

አክስቴ ነገርን በቀጥታ አትመልስም። «የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ላይ እናትሽ ብትጠፋብሽ እንዴት ትፈልጊያታለሽ?» አለችኝ። «የሕዝቡን ሁሉ ፊት እያየሽ ትዞሪያለሽ?»

«አይ፤ መጀመሪያ የእኛ አጥቢያ የተቀመጠበት ዛፍ ጋ እሄዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የእናቶች ኳየር ያለበትን። አረንጓዴ የለበሱትን።»

«እዚያ ስትደርሺስ?»

«እዚያማ ፊት ማየት ነው።»

«በይ፣ እሱም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችና የበቆሎውን ቆረቆንዳ ወረወረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ነገር፣ ወንዝም ይሁን ወረዳ፣ በአራት ማዕዘን ሳጥን ይከበዋል። የሚቀራረቡትን ሳጥኖች በትልቅ ሳጥን ያስገባቸዋል፤ ትልልቆቹንም ከዚያ በሚበልጥ ሳጥን። ስንጠይቀው ከትልቁ ይጀምራል። ሳጥኑ የጠየቅነውን ቦታ ካልነካ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው፤ የሌላ አጥቢያ ዛፍ ነው። የነካውን ብቻ ከፍቶ ይገባል። መጨረሻ ላይ የቀሩትን ጥቂቶች አንድ በአንድ በትክክል ይለካል፤ ምክንያቱም ሳጥን ሁሌም ከዕቃው ይሰፋል፤ የባሮ ሳጥን ውስጥ ባሮ ያልሆነ ስንት መሬት አለ! አክስቴ ከሳተላይት ፎቶ የተሣሉትን የቤት ጣሪያዎች አምጥታ፣ ያን የሳጥኖች ማውጫ አጥፍታ አንድ ጥያቄ አስጠየቀችኝ። ጠበቅን፤ ጠበቅን፤ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ማውጫውን መለሰችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳላነሳ መጣ። እውነቴን ነው፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አክስቴ ለመስክ ሥራ ወርቅ ወደሚቆፈርባት ዲማ ሄደች። ከመሄዷ በፊት «ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ መንደሮች አሉ፤ አጥሪልኝ። ቦታውን እያየሽ!» አለችኝ። መዝጋቢዎች ቅጽ ይዘው ሲወጡ አንዳንዱ መንደር ሁለት ሰው ይደርሰውና ሁለቴ ይገባል።

እኔ ግን ስሙን አየሁ። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት የቤት ብዛት፣ አንድ ዓይነት ሽማግሌ። የመጀመሪያው ረድፍ የፓምፕ ቁጥር አለው፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። ባዶው ሰው ጀምሮ የተወው መሰለኝ። ሰረዝኩት። ሌላም አገኘሁ፤ ሰረዝኩ። በሁለት ቀን ሰንጠረዡ ለእንግዳ የተጠረገ ግቢ መሰለ።

«ጎሽ!» አሉ ኢንጂነር ከትከሻዬ በላይ እያዩ። «ይቺ ልጅ አክስቷን ልታስንቅ ነው።»

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ባሮ ሞልቶ ጭቃ ለብሶ ይወርዳል። «አንተን እኮ በ0102 አውቅሃለሁ» አልኩት።

ያ ማጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ጉድጓድ የሚቆፍረው ማሽን ክረምት ላይ በጭቃ አይሄድም፤ ወደ መንደሮች የሚገባው በበጋ ነው። ለማን ይቆፈር የሚለው ዝርዝር ግን ክረምት ላይ ይወጣል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ዳታቤዙ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ፓምፕ የሌለው መንደር ይገባል፣ ያለው አይገባም። ኢንጂነር ፈርመው ከላኩት በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት ማንም አይነካውም። የዘንድሮው ዓርብ ጠዋት ሊፈረም ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴና የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከኢታንግ ወዲያ፣ ባሮ ዳር ባለ መንደር ይኖራል። የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅሎ ይዟል፤ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ ገባ። እኔና እሱ የምናወራው በቋንቋችን ነው፤ እዚህ የምጽፈው በአማርኛ መልሼው ነው።

«አክስትሽ የት አለች?»

«ዲማ ሄዳለች።»

«ወርቅ ልትቆፍር?»

«ጉድጓድ ልትቆጥር ነው፣ አጎቴ።»

«የሰው ጉድጓድ ትቆጥራለች! የእኛ መቼ ነው የሚቆፈረው?»

አጎቴ ቢቀልድም ለቀልድ አልመጣም። እኩያዬ የሆነች ልጅ አለችው። ባለፈው በጋ ከወንዙ ውሃ ስትቀዳ አዞ ጄሪካኑን ከእጇ ነጥቋታል። ጄሪካኑን። ዘመዶቻችን ይህን ሲያወሩ ሁሉም እዚያች ቃል ላይ ቆም ይላል። እሷ ግን በማግስቱም ወረደች፤ ሌላ ውሃ የለማ። ከዚያ በኋላ ነው አጎቴ አክስቴን «ጉድጓድ» እያለ መወትወት የጀመረው። አክስቴም ሄዳ ቦታውን መዝግባ መጥታለች።

«ቆይ፣ አሁን አሳይሃለሁ» አልኩት። እንዴት ኮርቼ! ወንበር ሳብኩለት። የመንደሩን ስም ጻፍኩ፤ አንድ ረድፍ መጣ። አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ፓምፕ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ፤ ሁለት መቶ ሜትር ላይ። ዝርዝሩን ከፈትኩ። መንደሩ የለበትም።

«አጎቴ፣ እናንተ እኮ ፓምፕ አላችሁ» አልኩት።

«አለን።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እዚያ ማን አለ?»

«እናንተ ናችኋ!»

«አሁን፤ በክረምት። ወንዙ ሲሞላ ወደ ከፍታው እንወጣለን፤ ሲጎድል እንወርዳለን። በቆሎውን የምንዘራው የት ነው? ከብቱ የሚውለው የት ነው? በበጋ ያ ፓምፕ የሚያጠጣው ዝንጀሮ ነው።» ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የከተማ ልጅ! ሰው እንደ ማንጎ ተተክሎ የሚኖር መስሎሻል።»

እኔ ራሴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የገና ሰሞን እዚያ ወንዝ ዳር እከርም ነበር። አሸዋው ላይ ተኝተን፣ ከብቶቹ ከጎናችን። ቤተሰቡ ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ምንጣፍ ተሸክሜ ወርጃለሁ። መንደሩ ሁለት ቦታ እንዳለው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን እንደ ባዕድ ሆንኩ። አንድ ስም፣ አንድ ቦታ። ያ «ባዶ» ረድፍ ሰው ጀምሮ የተወው አልነበረም። አክስቴ ወንዝ ዳር ቆማ የመዘገበችው የበጋው መንደር ነው። ፓምፕ ስለሌለው ነው ባዶ የሆነው።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ዲማ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ። የለም። ተነሥቼ ኢንጂነር ቢሮ ገባሁ፤ አጎቴም ከነዓሣው ተከተለኝ።

«ኢንጂነር፣ ዝርዝሩ ልክ አይደለም። ሁለቴ የተመዘገቡ መስለውኝ የበጋ መንደሮችን አጥፍቻለሁ።»

መነጽራቸው ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ወረደ። «ስንት?»

«አላውቅም።»

አጎቴ አማርኛ የተማረው ገበያ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። «አንተ ነህ ትልቁ?» አላቸው።

«እኔ ነኝ ወንድሜ፣ ይቀመጡ።»

«ልጅቷን አትቆጣ። ጥፋቷን በእግሯ ነው ያመጣችው፤ ማንም አልጎተታትም።»

ኢንጂነር ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። «አልቆጣም። ግን ነገ ሦስት ሰዓት እፈርማለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። የጠፋውን ከየት ልታመጪው ነው?»

ወደ ቦታዬ ተመለስኩና የሰንጠረዦቹን ስም ከላይ እስከ ታች ማየት ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ እንኳ ሳላውቅ። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ «የተሰረዙ» የሚል ሰንጠረዥ አለ። ከፈትኩት።

አክስቴ! ከዋናው ሰንጠረዥ የተሰረዘ ረድፍ ሁሉ ራሱ ሄዶ እዚያ እንዲወድቅ አድርጋ ሠርታዋለች። የተሰረዘበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ የሰረዘው ሰው ስም። ከላይ እስከ ታች የእኔ ስም ነበር፤ እንደ ቅጣት ጽሑፍ። ነጥቦቹም አሉ፤ 0101፣ 0101፣ 0101። ጮኼ ኖሮ ሁሉም ሰው ዞሮ አየኝ።

ግን ሁሉንም መመለስ አይሆንም፤ በእውነት ሁለቴ የተመዘገቡም አሉባቸው። የትኛው ድግም ነው፣ የትኛው የበጋ መንደር? ያኔ ነው «ቦታውን እያየሽ» ያለችኝ ትዝ ያለኝ። ስሙ አንድ ከሆነ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትስ? ዳታቤዙን ጠየቅኩት። 0.0007፤ 0.002፤ 0.05 እያለ መለሰልኝ።

ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ምን? ክንድ? ከዚያ ገባኝ። ነጥቦቹ የተቀመጡት በዲግሪ ነው፤ እሱም በዲግሪ መለሰልኝ። ዲግሪ ደግሞ ለእግር የሚሆን ነገር አይደለም። ምድር ክብ መሆኗን አስበህ ቁጠር የምትል አንዲት ቃል ጥያቄው ላይ ጨመርኩ። ሜትር ሆኖ መጣ። ሰማንያ ሜትር የማይሞላ፤ ይሄ ድግም ነው፤ አንዱ መዝጋቢ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሌላው ዛፉ ሥር ቆሞ ነው። ሁለት መቶ ሜትር፤ ይሄም ድግም ነው። የአጎቴ መንደር አምስት ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ይሄን መንገድ ነው ምንጣፍ ተሸክሜ የወረድኩት።

ያስቸገሩኝ መካከለኞቹ ናቸው፤ አንድ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ተኩል። ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። የሳተላይቱን ፎቶ ከፍቼ ነጥቦቹን ላዩ ላይ በተንኳቸውና አጎቴን ጠራሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አገራችን ነው፤ ከላይ።»

«እኔ ወፍ ነኝ? ከላይ አይቼው አላውቅም።»

ባሮን በጣቴ ተከተልኩለት። ኢታንግን አሳየሁት። ዓይኑን አጥብቦ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁ ራሱ ተንቀሳቀሰ። «እዚህ ወንዙ ይታጠፋል... ይሄ ትልቁ ዛፍ ነው... ይሄ የእኔ በረት ነው! በረቴን እንኳ አግኝተውታል!» ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው! እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ «ይሄኛው ይወርዳል? ይሄኛውስ?» ስለው ትዕግሥቱ አለቀ። ሰፊ መዳፉን የወንዙ መታጠፊያ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ውስጥ ያለ ሁሉ ይወርዳል።» መዳፉን አንሥቶ ወደ ላይ ወሰደው። «እዚህ ያለው ከፍታ ነው፤ ውሃ አይደርስበትም፤ አንድም አይወርድም። ተዪው፣ አትጠይቂኝ።» መዳፉ ጠርዝ ላይ ለቀሩት ብቻ አጎንብሶ፣ በጣቱ ጥፍር እየነካ፣ አንድ በአንድ ነገረኝ።

«ሳጥን!» አልኩ።

«ምን?»

«ምንም አጎቴ፣ ቀጥል።» ምን ብዬ ላስረዳው? አክስቴ በኮንፈረንስ ያስረዳችኝን ነገር ነው በመዳፉ የሠራው። ትልቁን መጀመሪያ፣ የማይነካውን እንዳለ ትቶ፣ ፊት ማየት መጨረሻ ላይ። ማንም አላስተማረውም። የጠፋች ላም ሲፈልግም እንደዚሁ ይሆናል የሚሄደው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እየተጯጯህን ጨረስን። ዓርብ ጠዋት ከኢንጂነር ቀድሜ ቢሮ ነበርኩ። የበጋ መንደሮቹን መለስኩ፤ ዝርዝሩን እንደገና አስወጣሁ። የአጎቴ መንደር መጣ። ዓይኔን አሽቼ እንደገና አነበብኩት።

ኢንጂነር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ። «አሁን ይሄ ሕዝብ ሁለት ቦታ ሁለቴ ሊቆጠርልሽ ነው። ክልሉ በአንድ ጀምበር ሰው አበዛ ይሉናል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍር ነበር። «መንደሩ በአንድ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ይሁን» አልኩ። «ሰዉ እዚያ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ቦታው ደግሞ በሌላ ሰንጠረዥ ይሁን፤ አንዱ ነጥብ ለክረምት፣ አንዱ ለበጋ፣ ሁለቱም ለዚያው መንደር የታሰሩ። ፓምፕ አለው ወይ ስንል በየወቅቱ እንጠይቃለን።»

ኢንጂነር ለጊዜው፣ አክስቴ እስክትመጣ፣ ብዛቱን በወረቀቱ ላይ በእጃቸው አስተካከሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ፈረሙ። «ጎሽ» አላሉኝም። «ሰኞ አክስትሽ ስትመጣ ሰንጠረዦቹን አብራችሁ ሥሩ» ነው ያሉኝ፤ ከጎሽ ይበልጣል።

አክስቴ ሁሉንም ሰምታ መጀመሪያ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። «ቦታውን እያየሽ አላልኩሽም?» ከዚያ የሠራሁትን የርቀት ጥያቄ አነበበችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አንድ ቅንፍ አስተካክላ በራሷ ፋይል ውስጥ አስቀመጠችው። አስቀመጠችው!

ጥር ላይ ማሽኑ ገባ። ለምዝገባ ከአክስቴ ጋር ሄድኩ። ወንዙ ጎድሏል፤ አሸዋው ወጥቷል፤ ከብቱም ሰዉም ወርዷል። አዲሱ ፓምፕ ከቤቶቹ መካከል ቆሟል። የአጎቴ ልጅ ቢጫ ጄሪካን ከሥሩ አድርጋ እጀታውን ትጫነዋለች፤ እኔ ከጎኗ ጂፒኤስ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ውሃው መጣ እኮ፤ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«ሳተላይቶቹን።»

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «አይታዩም።»

«እነሱ ያዩናል፤ ትንሽ ብቻ ይሳሳታሉ። ዘጠኝ ሜትር ይላል፤ እስኪቀንስ ነው።»

ስድስት ሆነ። አራት። ሦስት ላይ ተጫንኩት።

«ገባን?» አለ አጎቴ ከኋላዬ።

«ገባችሁ።»

«ማጥፊያው የትኛው ነው?»

አሳየሁት። መሣሪያውን ተቀብሎ ማጥፊያውን በትልቁ አውራ ጣቱ ሸፈነው። «ይሄን ካንቺ እጅ ማራቅ ነው» አለ፤ አክስቴ በሳቅ ሆዷን ያዘች። ልጅቷ ጄሪካኗን ሞልታ ጭንቅላቷ ላይ አወጣች፤ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ፣ ሳትቸኩል ወደ ቤት ሄደች።